«የኮሮና ልጅ» አትበሏት፦ ከኮምቦልቻ ለጻፈልኝ አባት

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ነው። ፍሬ ነገሩን እዚህ ላስቀምጥ።

«ልጄ የተወለደችው ግንቦት 2012 ነው። እኔ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ያኔ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለቤቴም ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ተቀነሰች። ሕፃኗ እንዳትያዝብን ብለን ዓመት ሙሉ ከአንዲቷ ክፍል ቤታችን አላወጣናትም። ከዚያ ጦርነቱ ደረሰና ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። አሁን አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ዘንድሮ ቅድመ አንደኛ አስገባናት። መምህሯ ‹ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ቀርታለች› አለችኝ። ሦስት ቃል፣ ቢበዛ አራት ቃል ነው የምትገጥመው። እንግዳ ሲመጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች። እርሳስ በጭብጧ ነው የምትይዘው። የ11 ዓመቱ ወንድሟ በእሷ ዕድሜ ሰፈሩን የሚያስቅ ወሬኛ ነበር። ጎረቤት ‹የኮሮና ልጅ› ይላታል። እውነት ኮሮናው ነው? ወይስ እኛ ዘግተንባት ነው ያበላሸናት? ጊዜውስ አልፎ ይሆን? መጫወቻ የምገዛበትም፣ አዲስ አበባ የማመላልስበትም አቅም የለኝም።»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጊዜው አላለፈም። አምስት ዓመት ተኩል ልጅ ገና ብዙ የሚማርበት ዕድሜ ነው። ግን «ተዋት፣ ስታድግ ይተዋታል» ብዬም አላባብልህም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ትናንት የሆነውን ዛሬ ያወራል። የማያውቀው ሰው እንኳ ንግግሩ ይገባዋል። ሦስት አራት ቃል መግጠም የሦስት ዓመት ልጅ አነጋገር ነው። ስለዚህ መምህሯ ልክ ናት፣ መንገሯም ጥሩ ነው። አመስግናት።

ሁለተኛው፣ «እኛ ነን ወይ ያበላሸናት» ያልከው። አይደላችሁም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ አትሰብሰቡ፣ አትጨባበጡ ተባለ። አራስ ይዞ በዚያ ሰዓት በሩን የዘጋ ወላጅ ያደረገው የታዘዘውን ነው። ልጁን ስለወደደ ነው የዘጋው። ይህን ሸክም ዛሬ ከትከሻህ አውርደው፤ ከሱ ጋር ሆነህ ልጅህን መርዳት ይከብድሃል።

አሁን ወደ ኮሮናው።

ኒው ዮርክ ላይ ከመጋቢት 2012 እስከ ታኅሣሥ 2013 ድረስ የተወለዱ 255 ሕፃናትን ተመራማሪዎች ስድስት ወር ሲሞላቸው ተከታተሉ። ከወረርሽኙ በፊት ከተወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ በእንቅስቃሴ፣ በእጅ ሥራና ከሰው ጋር በመግባባት ትንሽ ዝቅ ብለው ተገኙ። የገረመው ነገር ግን ሌላ ነው። እናትየው በቫይረሱ ተይዛ ይሁን አልተያዘች ልዩነት አላመጣም። ልዩነት ያመጣው በዚያ ጊዜ መወለዱ ራሱ ነው። ማለትም በሕፃናቱ ላይ የታየው የቫይረሱ ጉዳት ሳይሆን የዘመኑ ኑሮ ይመስላል።

አየርላንድ ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ የእኛን ቤት በደንብ ያስረዳል ብዬ አስባለሁ። የወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ የተወለዱ 309 ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ታዩ። ግልጽ የሆነ አንድ ቃል የሚናገሩት 77 በመቶ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በተወለዱት ላይ 89 በመቶ ነበር። በጣት የሚጠቁሙት 84 በመቶ፣ በፊት 93። እጅ እያውለበለቡ ቻው የሚሉት 88 በመቶ፣ በፊት 94። ዳዴ ላይ ግን ተገለባበጠ። ዳዴ የሚሉት 97 በመቶ ሆኑ፤ በፊት 91 ነበሩ።

ለምን ይመስልሃል? ሕፃኑ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ነው የዋለው፣ ስለዚህ ዳዴውን ሲለማመድ ከረመ። ቻው የሚለው ሰው ግን የለም። መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ከሌለ ለማን ቻው ይላል? የሚያስጠቁም አዲስ ነገር ከሌለ ምን ላይ ይጠቁማል? ከእነዚያ ሕፃናት ከአራቱ አንዱ ዓመት እስኪሞላው ድረስ እኩያውን ሕፃን አግኝቶ አያውቅም ነበር።

እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ቡና ነው። በወሎ ቤት ልጅ አፉን የሚፈታው ረከቦት ዙሪያ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። አንዷ ጎረቤት ትገባለች፣ ሕፃኑን ትስማለች፣ «ማነህ? አባትህ የታለ?» ትለዋለች። ሌላዋ ከእቅፍ ትቀበለዋለች። አቦል ይጠጣል፣ ቶናው ይደርሳል፣ በረካው ላይ ዱዓ ይደረጋል ወይ ምርቃት ይሆናል። ልጁ ከሰው ሰው እየተቀባበለ የአምስት የስድስት ሰው ፊት ያነባል። ማን ሲቆጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ማን ሲስቅ ድምፁ ምን እንደሚል ይማራል። አንድ ቃል ከስድስት አፍ ይሰማል። ሲሄዱ «ቻው በል» ይባላል። ይህ ሁሉ በየቀኑ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ማንም ትምህርት ብሎ አይጠራውም እንጂ ልጆቻችን የሚያገኙት ትልቁ ትምህርት ነው። ልጅህ በተወለደችበት ዓመት ጀበናው ምድጃ ላይ ብቻውን ቀረ።

የቋንቋ እድገት እንዴት እንደሚሠራ ለወላጆች ሳስረዳ መንዙማን አነሳለሁ። አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውጪው ምንም ድምፁ ቢያምር ተቀባይ ከሌለው ብዙ አይዘልቅም። ሕፃንም እንዲሁ ነው። እሷ «አ» ትላለች፣ እናቷ «አ? ምን አየሽ?» ብላ ትቀበላታለች። እሷ ሳቅ ትላለች፣ አባቷ ይስቃል። እያንዳንዷ ቅብብል አእምሮዋ ውስጥ መስመር ትዘረጋለች። አምስት ዓመት ሲሞላ የልጅ አእምሮ በመጠኑ ከአዋቂው 90 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ግንባታ የሚሞቀው በዚህ ቅብብል ነው። ተቀባይ ሲጠፋ ሕፃኗ ማውጣቱን ቀስ በቀስ ትተዋለች። ዝም ያለች ልጅ «ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም» ትባላለች። በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ ይህን ሰማሁ መሰለህ።

እዚህ ላይ ድህነቱ ይገባል። የአየርላንድ ወላጅም ቤቱ ተዘግቶበታል። ግን ለነገ ዳቦ አልተጨነቀም፤ ቤቱም ከአንድ ክፍል በላይ ነው። አንተ ጋ ከባዱ በር መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። የሁለታችሁም ገቢ በአንድ ጊዜ ቆመ። አንዳንድ ሰው «ደሃ ልጁን አያናግርም» ይላል። ውሸት ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ልጇን አዝላ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ቀኑን ሙሉ ስታናግረው ትውላለች። ችግሩ ሌላ ነው። የቤት ኪራይ ያለባት፣ ዱቄት የጎደላት፣ ባሏ ባዶ እጁን የገባባት እናት አካሏ ልጇ ጋ ነው፣ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሕፃኗ «አ» ስትል ትሰማለች፣ መልስ ግን አይመጣላትም። ክፋት አይደለም። ጭንቀት ሐሳብን ይበላል። ወረርሽኙ ከሀብታሙ ይልቅ የደሃውን ሕፃን የነካው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው፦ ሥራ ሲቆም እርጋታ አለቀ፣ እርጋታ ሲያልቅ ቅብብሉ ተቋረጠ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ምግብ። ከኮሮና በፊትም ሁኔታችን ጥሩ አልነበረም። 2011 ላይ በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ በአማራ ክልል ከ40 በመቶ በላይ። ይህን ለማስቆም 2007 ላይ የተገባው ቃል ኪዳን በዋግ ከተማ በሰቆጣ ስም መጠራቱ በአጋጣሚ አይደለም። በዚህ ላይ ወረርሽኙ መጣ። አንበጣውም በዚያው ሰሞን ራያና ቆቦ ማሽላ ላይ ወረደ። ከዓረብ አገር የሚላከው ብርም ቀነሰ። ሥራ ያጡ፣ ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶቻችን ባዶ እጃቸውን ገቡ። ቤቱ ሲጠብበት መጀመሪያ የሚቀረው እንቁላሉና ወተቱ ነው። ልጁ ሻይ በዳቦ ይቆርሳል። ሻይ በዳቦ ሆድ ይሞላል፣ ደም ግን አይሞላም። ሻዩ ራሱ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ብረት ያነሰው ልጅ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ ለመማር ይዘገያል።

ክትባትም ተስተጓጉሎ ነበር። ሚያዝያ 2012 ሊሰጥ የታሰበው የኩፍኝ ዘመቻ ተራዝሞ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው የተሰጠው። ወላጅም ጤና ጣቢያ መሄድ ፈርቶ ነበር። የልጅህን የክትባት ካርድ ፈልገህ እየው። የቀረ ነገር ካለ ጠይቅ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልልህም፤ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ስትሸሹ ልጅህ ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። ይህ ልጅ ቃል በቃል ላይ የሚደራርብበት ወር ነው። ያኔ የሰማችው የተኩስ ድምፅ ነው፤ ያየችውም የተደናገጠ ፊት። እንግዳ ሲመጣ ቀሚስ ውስጥ መደበቋ ከዚያ ጋር መያያዙ አይቀርም። የማታውቀው ሰው ለእሷ የቡና እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ነው የቆየው። ስለዚህ «የኮሮና ልጅ» የሚለው ስም ከነጭራሹ ስህተት ነው። በላይዋ ላይ ኮሮናው፣ ማጣቱ፣ ስደቱ ተደራርበዋል። የትኛው ስንት እጅ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ለመርዳትም አያስፈልግም። ስሙን ግን ጎረቤት እንዲተው ዛሬ ንገራቸው። ልጅ የሚጠራበትን ይሆናል። አምስት ዓመት ተኩል ልጅ ሁሉን ትሰማለች።

ትሰማለች ካልኩ አይቀር፣ መጀመሪያ የምታደርገውን ልንገርህ። ጆሮዋን አስመርምር።

ይህን ከሁሉ በፊት የማስቀድመው ምክንያት አለኝ። ቋንቋ ዘገየ ተብሎ የሚመጣ ልጅ ሁሉ በኮሮና ዘመን ስለተወለደ ኮሮና ነው ይባላል፣ ከዚያ ማንም ጆሮውን አያየውም። ጆሮዋ መግል ፈሷት ያውቃል? ጉንፋን ሲይዛት ጆሮዋን ትነካካለች? ቴሌቪዥን ወይ ስልክ ጠጋ ብላ ነው የምትሰማው? ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክር። ፊቷን ወደ እናቷ አድርጋ እየተጫወተች ሳለ ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ርቀህ ስሟን በሹክሹክታ ጥራ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። በር ሲንኳኳ ትሰማለች ማለት ሁሉን ትሰማለች ማለት አይደለም። በከፊል የማይሰማ ልጅ በሩን ይሰማል፣ የቃሉ ጫፍ ግን ያመልጠዋል። ሙከራው ጥሩ ቢሆንም እንኳ ጤና ጣቢያ ሄደህ ጆሮዋን በመሣሪያ ይዩልህ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይጽፉልሃል። የጤና መድኅን ካርድ ካላችሁ ይዘህ ሂድ። በዚያው ክብደቷን፣ ቁመቷን፣ ዓይኗንና የደም ማነስ ይዩላት። አዲስ አበባ መሄድ አሁን አያስፈልግህም።

አንዳንድ ምልክት ካለ ግን ሳትቆይ ሐኪም ጋ ውሰዳት። ቀድሞ ትናገረው የነበረውን ቃል ከተወች። ስሟ ሲጠራ ጨርሶ ዞር የማትል ከሆነ። ከእናንተ ከራሳችሁ ጋር ዓይን ለዓይን የማትገናኝ፣ የምትወደውን ነገር ልታሳያችሁ የማትሞክር ከሆነ። የሚጥላት ከሆነ። ከእንግዳ መደበቅ ብቻውን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር ለምኜህ ልለፍ። «እንጥሏ ይቆረጥ»፣ «ምላሷ ታስሯል፣ ይበጣ» የሚሉህ አይጠፉም። እሺ እንዳትል። እንጥል መቁረጥ አፍ አይፈታም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ልጅ የሞተበት ቤት አለ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምላጭ ግን አይቅረባት።

አሁን ስለ መጫወቻው። መጫወቻ የምገዛበት የለኝም ብለሃል። ስለ ጃማይካ ልንገርህ። ወደ 40 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሳሊ ግራንትሃም-ማክግሪገር የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ኪንግስተን በምትባለው ከተማ ደሃ ሰፈር ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን ያዘች። ለከፊሎቹ የሰፈር ጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ቤታቸው እየሄደች አንድ ሰዓት ከእናትየው ጋር ተቀምጣ እንዴት ከልጇ ጋር እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳያት ነበር። ለሁለት ዓመት። መጫወቻው ከወዳደቀ ዕቃ በእጅ የተሠራ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች አድገው ሲታዩ ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካልቀነጨሩት የሰፈር እኩዮቻቸው ጋር እኩል ደረሱ። ይህን ያመጣው ውድ ዕቃ አይደለም። ቅብብሉ ነው። የእናንተም ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው።

አንተ ማታ ደክሞህ እንደምትገባ አውቃለሁ። ኩንታል ተሸክሞ የዋለ ሰው ልጅ አስተምር ቢባል ይከብዳል። የምጠይቅህ ሩብ ሰዓት ነው። እግርህን ስትታጠብ ውሃውን እሷ ታፍስስልህ። «ውሃው ቀዘቀዘ! ኧረ ትንሽ ትንሽ! አሁን ግራ እግሬን» በላት። እሷ «ውሃ» ካለች አንተ «አዎ፣ ሙቅ ውሃ ጨምሪልኝ» ትላለህ። እሷ «ውሃ አለቀ» ካለች «ውሃው ከጀሪካኑ አለቀ፣ ነገ እንቀዳለን» ትላለህ። የእሷን ቃል ወስደህ ትንሽ አስረዝመህ መመለስ ነው። «እንዲህ አይባልም፣ እንዲህ በይ» ብለህ አታርማት። ትክክለኛውን ራስህ ተናገረው፣ ጆሮዋ ይይዘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ጥያቄ ትጠይቃታለህ፣ ዝም ትላለች፣ አንተ ቸኩለህ ራስህ ትመልሳለህ። ሁላችንም እንዲህ ነን። አሁን ግን ጠይቃትና በልብህ እስከ አምስት ቁጠር፤ ዓይን ዓይኗን እያየህ። ዝም ብላ ቃል የምትፈልግ ልጅ ናት እንጂ የማታውቅ ልጅ አይደለችም። ያቺን አምስት ቁጥር ስትሰጣት ብዙ ጊዜ ቃሉ ይመጣል።

ባለቤትህ ምስር ስትለቅም ልጅቷን አጠገቧ ታስቀምጣት። ጠጠሩን ለይታ በሁለት ጣት አንስታ ወደ ሰፌዱ ዳር ታድርግ። ይህ እርሳስ መያዣዋ ነው። እርሳስ በጭብጥ የሚይዝ ልጅ ጣቶቹ አልጠነከሩም ማለት ነው፤ በእርሳስ ብቻ ማለማመድ ያሰለቸዋል። ሊጥ ትጭመቅ። ባቄላ ትፈልፍል። የልብስ ማጠቢያ ጨርቅ ትጠምዝዝ። ቆርኪ በሃይላንድ ውስጥ አንድ አንድ እያለች ትክተት፤ እየከተተችም ትቁጠር። አፈር ላይ በጣቷ፣ ቀጥሎ በአጭር እንጨት፣ ቀጥሎ በተሰበረች ጠመኔ ትሳል። አጭር ጠመኔ በጭብጥ አይያዝም፤ ጣት ራሱ ይማራል። ፊደሉ ከዚህ በኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አንዲት አያት ትዝ ይሉኛል። ከባቲ አካባቢ ነው የመጡት። የልጅ ልጃቸውን ይዘው፤ እናቱ ጅዳ ናት። ልጁ አራት ዓመቱ ሆኖ ከአሥር ቃል በላይ አይልም ነበር። ጆሮው ደህና ነው። «እኔ አልተማርኩም፣ ምን ላስተምረው?» አሉኝ። ማታ ማታ ምን ያደርጉ እንደነበር በልጅነታቸው ጠየቅኋቸው። እንቆቅልሽና ተረት አሉ። «እሱኑ ያድርጉ» አልኳቸው። በሦስተኛው ወር ሲመለሱ ልጁ ገና በር ላይ «እንቆቅልሽ!» አለኝ። እኔም «ምን አውቅልህ» አልኩት። እንቆቅልሹን ራሱ አልጨረሰውም፤ ግማሹን ረስቶታል። ግን አውጪ ሆኖ ነበር። እኔም ተቀባይ።

ስለዚህ ማታ መብራት ሲጠፋ እንኳ ጊዜ አለህ። «ተረት ተረት» በል፣ እሷ «የላም በረት» ትበል። ያንኑ ተረት አሥር ሌሊት ደጋግመው። መደጋገሙ አንተን ይሰለችህ ይሆናል፣ እሷን አይሰለቻትም። በአምስተኛው ሌሊት መካከል ላይ አቁምና «ከዚያስ ጅቡ ምን አለ?» በላት። ትጨርስልሃለች።

ስልኩን በተመለከተ፣ በደብዳቤህ ላይ ባታነሳውም ቤት ውስጥ እንዳለ እገምታለሁ። በዚያ ዓመት ልጅ ማባበያው ስልክ ነበር፤ ማንንም አልወቅስም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ጨርሶ አታሳዩ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። አምስት ዓመት ላለፈችው ለእናንተም ልጅ በዚሁ ልክ ቢሆን ይሻላል። ስልክ ያወራል እንጂ አይቀበልም። «አ» ብትለው መልስ የለውም። ካየችም አብራችሁ እዩና ስላያችሁት አውሩ።

ድንጋጤዋን በተመለከተ፣ እንግዳ ሲመጣ «ነይ ሳሚ! ምን ያሳፍርሻል!» እያላችሁ አትጎትቷት። እንግዳውም አይጎትታት። እናቷ ጋ ትቀመጥ። እንግዳው ቡናውን ይጠጣ፣ አያያትም። ቆይታ እሷው ብቅ ትላለች። ብቅ ስትል ቁርስ እንድታዞር ቆሎውን ስጧት። ሥራ የያዘ ልጅ ፍርሃቱን ይረሳል። ከጎረቤት አንዲት እኩያዋን፣ አንዷን ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አምጡላት። ብዙ ልጅ አንዴ አትሰብስቡ። ከአንዷ ጋር ስትላመድ ሁለተኛዋ ትምጣ። ኩኩሉ ይጫወቱ። መደበቅ ትወድ የለ? በጨዋታ ትደበቅ፤ እዚያ የሚፈልጋት ሰው ሲያገኛት ይስቃል እንጂ አያስፈራትም።

ወንድሟን አትርሳው። ወሬኛው ልጅህ የዚህች ልጅ ጥሩ መምህር ነው። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ከታላቁ ነው የሚቀዳው። ግን እሱም 2012 ላይ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ኬጂውም ተዘጋ፣ በኋላም በስደቱ ተቋረጠ። ማንበቡ እንዴት ነው? ዘግይቶ ከሆነ ለእህቱ ፊደል ሲያስቆጥር እሱም ይጠገናል። «አስተማሪ ነህ» በለው። ብቻ እሷ ዝም ስትል እሱ ተሽቀዳድሞ እንዳይመልስላት ንገረው፤ ወሬኛ ወንድም ያላት ልጅ ብዙ ጊዜ መናገር አያስፈልጋትም።

ከመምህሯ ጋር ደግሞ ቀርበህ ተነጋገር። በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች አሁን ነው ክፍል የሚገቡት። እሷም እንዲህ ያሉ ልጆች ብቻዋን በርክተውባት ይሆናል። ልጅህን ከፊት፣ ከመምህሯ ቅርብ እንድታስቀምጣት ጠይቃት። በክፍል ፊት አስነስታ እንዳታናግራት፤ ጠጋ ብላ ለብቻዋ እንድትጠይቃት። ስላልጻፈች እንዳትመታ። የተመታ ልጅ ዝምታው ይብሳል።

ስለ ምግቡ፣ ከቻላችሁ በቀን አንድ እንቁላል፣ ካልቻላችሁ በሳምንት ሦስት። ምስር ወጥ ላይ ጎመን ይግባ፣ ከላይ ሎሚ ይጨመቅበት፤ ሎሚው ብረቱን ሰውነቷ እንዲወስደው ይረዳል። ሻዩ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። አዮዲን ያለበት ጨው ግዙና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

አሁን ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። ባለቤትህ ከሥራ መቀነሷን ነገርከኝ። እንዴት እንዳለች አልነገርከኝም። አራስ ሆና፣ አራስ ጠያቂ ሳይገባላት፣ ገንፎውን ከጎረቤት ጋር ሳትበላ፣ ሥራዋን አጥታ፣ ከዚያ ጨቅላ አዝላ የተሰደደች ሴት ናት። እንቅልፍ ይወስዳታል? ድሮ የምትወደው ነገር አሁንም ያስደስታታል? ታለቅሳለች? «ምን ዋጋ አለኝ» ትላለች? ብዙ እናቶች ይህን ለአምስት ዓመት ተሸክመውት አይቻለሁ። «ደክሞኛል» ብቻ ነው የሚሉት። የእናት ሐዘን የልጅ ቋንቋ ውስጥ ይገባል፤ ያዘነ ሰው ቅብብሉን ለማስቀጠል አቅም ያጣልና። ይህ ደግሞ በሽታ ነው፣ ስንፍና አይደለም፣ ይታከማል። ልጅቷን ጤና ጣቢያ ስትወስድ ሦስታችሁ ሂዱ፣ ለእሷም እንዲያናግሯት ጠይቅ። ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ቀን አትጠብቅ። ማታ ያልኩህን ሩብ ሰዓትም አንተ ልጅቷን ስትይዝ እሷ ትረፍ። ጎረቤት ጋ ቡና ትሂድ።

ለውጥ መቼ ይመጣል ብለህ ትጠይቀኛለህ። በመጀመሪያው ወር ብዙ አትጠብቅ። ምናልባት ዓይኗ ነው የሚለወጠው፤ ስታናግራት ቶሎ ታይሃለች። በሁለተኛው በሦስተኛው ወር ቃሉ ይረዝማል፣ «ለምን» የምትል ጥያቄ ይመጣል። «ለምን» ስትመጣ ደስ ይበልህ። በደብተር ጻፍ፤ ዛሬ የምትናገራቸውን ረጃጅም ንግግሮች አምስቱን ከነቀኑ መዝግብ። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ አምስት መዝግብና አስተያይ። ረዝሞ ከሆነ ቀጥሉበት። ጆሮዋ ደህና ሆኖ፣ ደሟም ተስተካክሎ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሞክራችሁ ንግግሯ እዚያው ከሆነ ግን ደሴ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ እንዲልኩህ ጠይቅ። ያን ደብተር ይዘኸው ሂድ። ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ በላይ ይረዳዋል።

ለኔም ጻፍልኝ። ጆሮዋን ያዩዋት ቀን ምን እንዳሉህ በመጀመሪያ ንገረኝ።